ጓዳ ገብቶ ማንኳኳት

የጫማ መሸጫው ድረ ገጽ ዛሬ የመንግሥት ተቆጣጣሪዋን ካላሳመነ ይዘጋል። ሥራ አስኪያጁ ግን ልባቸው ሙሉ ነው። ሕጉ ‹ኩኪ የሚባለውን መከታተያ ከማስቀመጣችሁ በፊት ደንበኛውን አስፈቅዱ› ስላለ፣ ወግ ያለው የፈቃድ ጥያቄ አሠርተዋል። «እቀበላለሁ» የሚለው ቁልፍ እንደ ሙሽራ ተኳኩሏል፤ «አልቀበልም» ደግሞ በነጭ ላይ በነጭ ተጽፎ ጥግ ይዟል።

«ጋሼ፣ ይሄንን ማን ያየዋል?» ብላቸው ነበር ፕሮግራም ሠሪዋ።

«የቸገረው ፈልጎ ያገኘዋል፣ ልጄ።»

ተቆጣጣሪዋ መጥታ ገጹን ከፈተችና እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «ገና ምንም አልነካሁም። መከታተያው ግን ሥራ ጀምሯል።»

ፕሮግራም ሠሪዋ አቀረቀረች። እንዲህ እንዲሆን ያዘዟት እሳቸው ናቸው።

«እሱማ» አሉ ሥራ አስኪያጁ በኩራት፣ «እርስዎ እስኪወስኑ ጊዜ እንዳይባክን ብለን ነው።»

«ጓዳ ገብቶ ‹ቤቶች!› የሚል እንግዳ ነዋ የቀጠሩት!»

«ቢሆንም ጨዋ ነው፤ ይጣራል።»

ተቆጣጣሪዋ የኮምፒውተሯን ቁልፎች ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን ስታደርግ ድረ ገጹ ድርግም ብሎ ተዘጋ።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሱ። «ምነው እመቤቴ! ሳያስፈቅዱኝ?»