በጥቁር ቀሚስ ላይ

ኤቫንቲያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳለች። በዚያች የሌምኖስ ደሴት መንደር የሰውን ሁሉ ጾም የምትጠብቀው እሷ ነች፤ የእሷን ጾም ግን የሚጠብቅላት አልነበረም። ባለፈው እሑድ ጎረቤቷን ስታማቲያን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁማ፣ ከንፈርሽ ላይ አይብ አየሁ ብላ በሰው ፊት አዋርዳታለች።

የገና ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ኩራብዬ ጋገረች። በቅቤና በለውዝ ተቦክቶ ከምድጃ ሲወጣ በደቀቀ ነጭ ስኳር የሚቀበር ብስኩት ነው። አምና ስኳር መስሏት ሊጡ ውስጥ ጨው ጨምራ፣ መንደሩ እስከ ፋሲካ ስቆባታል። ዘንድሮም እንዳይደገም ፈራች። ካልቀመሰች መሳቂያ ልትሆን ነው፤ ከቀመሰች ጾም ልትገድፍ። አንዱን ለጨው ቀመሰች፣ ሁለተኛውን ለቅቤው። ሦስተኛውን ለምን እንደጎረሰች እሷም አታውቅም።

በሩ ተንኳኳ። በመስኮት ብታይ፣ ያጠበችላቸውን የመንበር ልብስ ሊወስዱ አባ ግሪጎሪስ መጥተዋል። ከፊታቸው ስታማቲያ የተዋሰችውን ወንፊት ይዛ ቆማለች። ኤቫንቲያ ጎንበስ ብላ ራሷን አየች፤ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ በስኳር ነጭ በነጭ ሆናለች። ብታራግፈው ጭራሽ ተስፋፋ።

ስታማቲያ ቀድማ ገባች። ቀሚሱን አየች፣ ትሪው ላይ የጎደሉትን ሦስት ቦታዎች አየች። የእሑዱ ፍርድ ዛሬ በኤቫንቲያ በራሷ ላይ ሊመለስ ነው። ስታማቲያ ግን ወንፊቱን አስቀምጣ፣ እሷም ስትጋግር ውላ ዱቄት በዱቄት በሆነው ሽርጧ እቅፍ አደረገቻትና ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

አባ ገብተው ሁለቱንም ነጭ ሆነው ሲያዩ ደስ አላቸው። መታረቃችሁ ደግ ነው፣ ዱቄቱ ይራገፋል አሉ።

ስታማቲያ አልለቀቀቻትም። ጆሮዋ ላይ፣ «እሑድ ከንፈሬ ላይ ምን ነበር ያየሽው?» አለቻት።

የኤቫንቲያ አፍ ገና በሦስተኛው ኩራብዬ ሙሉ ነው። «የሰሊጥ ሐላዋ፣» አለች በአፍንጫዋ።

«የጾም ነው የፍስክ?»

«የጾም።»

«ጮክ በይ እንጂ የኔ እመቤት። አባ አልሰሙሽም።»

ኤቫንቲያ እንባዋ መጣ፤ እውነትም አፍራ ነበር። አፏን ከፍታ፣ «ሐላዋ ነበር አባ! በሐሰት ነው ያዋረድኳት!» ስትል፣ የነጭ ስኳር ብናኝ ቡፍ ብሎ ወጥቶ የአባ ግሪጎሪስ ጥቁር ጢም ላይ አረፈ።

አባ ጢማቸውን በጣታቸው ጠረግ አድርገው፣ ጣታቸውን ቀመስ አደረጉ።

«ተመስገን ነው፣» አሉ፣ «ዘንድሮስ ጨው የለበትም።»