የአራስ ቤት ብረት

ደወሉ ሲጮኽ ኂሩት የልጇ መኝታ ቤት ደፍ ላይ ተንበርክካ ጨው በእጇ እየጠረገች ነበር። የዘገነችውን ይዛ ብድግ አለችና የት እንደምትደፋው ጠፋት። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እንዳትጥለው ሕፃኗን ልትጎበኝ የመጣችው ነርስ ልታየው ትችላለች፤ በመስኮት እንዳትበትነው የዚህ አገር መስኮት ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። ሲጨንቃት የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ማሚ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" አለች ብሩክታዊት፣ አልጋው ላይ ሆና ሕፃኗን እያጠባች።

"ቤት እያጸዳሁ።"

"እሱ እኮ ቆሻሻ አይደለም። ለሮዋን ፕሮቴክሽን ያደረግኩላት ነው፣ እንዲጠብቃት።"

"ለእኔስ ይሁን። ለምትመጣው ሴትዮ ምን ልትያት ነው?"

"ከጠየቀችኝ እነግራታለኋ። ምን የሚደበቅ ነገር አለው?"

ኂሩትን ያስፈራት ይኸው ነበር። ብሩክታዊት ከሕፃንነቷ ጀምሮ መዋሸት አይሆንላትም። ትምህርት ቤት ሳለች መስኮት ሰብራ፣ አስተማሪው ማን እንደሰበረ እንኳ ሳይጠይቅ እጇን አውጥታ "እኔ ነኝ" ያለች ልጅ ናት። ኂሩትን ግን ለንደን አንድ ነገር አስተምሯታል፤ ፈረንጅ ፊት ለፊት ፈገግ ይላል፣ ቢሮው ሲመለስ ይጽፋል። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ሰብሰብ ሲሉ ሶሻል የሚሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለወሰደው ልጅ ያልሰማ የለም። ልጅ የተወሰደበትን ሰው በዓይኑ ያየ ግን አልተገኘም፤ ቢሆንም ወሬው እንቅልፍ ይነሳል። እና አሁን ሄልዝ ቪዚተር የሚሏት የሕፃናት ነርስ ክላፋም ያለው የልጇ ቤት ድረስ መጥታ ደጅ ቆማለች፣ የአራሷ ክፍል ደግሞ የጠንቋይ ቤት መስሏል።

ብሩክታዊት ይህን ነገር ይዛው የመጣችው ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዲግሪዋ ጋር። አንድ ቀን ዌምብሊ እናቷ ቤት እራት እየበሉ "ማሚ፣ እኔ ዊች ነኝ" አለቻት፤ ጠንቋይ ነኝ ማለቷ ነው፤ ልክ ሥጋ መብላት ትቻለሁ እንደሚል ሰው። ኂሩት አለቀሰች። ልጅቷ ሰይጣን የሚባል ነገር እንደሌለበት፣ ማንንም እንደማይጎዱ፣ ጨረቃ ስትሞላ ከጓደኞቿ ጋር ፓርክ ውስጥ ሻማ አብርተው ምድርን አመስግነው፣ ዳቦ ቆርሰው እንደሚለያዩ ነገረቻት። "የአገራችን ጠንቋይ ቢያንስ ገንዘብ ያገኝበታል" ብላ ኂሩት ነገሩን በቀልድ ልታልፈው ሞከረች። ውስጧ ግን ተቃጥሏል። የገዛ እናቷ ጨሌ የምታስር፣ አድባር የምትለማመን ሴት ነበረች፤ ኂሩት በዚያ ስታፍር ነው ያደገችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ሆኖ፣ ከእናቷ የሸሸችው ነገር በልጇ ዞሮ መጣባት።

ሕፃኗ ስትወለድ ደግሞ ሮዋን ተባለች። ከክፉ ነገር የሚጠብቅ የዛፍ ስም ነው አሉ። "በዛፍ ስም ሰው ይጠራል?" ብላ ብትጠይቅ፣ "አበባ ተብሎ ይጠራ የለ? አበባስ ከምድር አይደል የሚበቅለው?" ብላ ብሩክታዊት አፏን አስያዘቻት። ከዚያ ወዲህ ኂሩት ሕፃኗን "አበባ" ትላታለች፤ ለመበቀል ያህል። የክርስትናዋን ነገር ስታነሳ ግን ቀልድ አልነበረም። ብሩክታዊት "ስታድግ ራሷ ትመርጣለች" አለቻት፤ ኂሩትም ቀኑን ሙሉ ገንፎ ስታገነፋ ዋለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጡትና ስለ ዳይፐር ካልሆነ በቀር አያወሩም።

ደወሉ እንደገና ጮኸ። ኂሩት ግድግዳው ላይ ያለውን መደርደሪያ አየችው፤ ሻማዎች፣ የአጋዘን ቀንድ፣ የደረቀ ቅጠል እስር፣ እጀታው ጥቁር የሆነ ዱልዱም ቢላዋ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ሁሉንም አለበሰችውና በሩን ልትከፍት ሄደች።

ነርሷ ጃኔት የምትባል፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት ናት። ጃንጥላዋን አራግፋ፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ለዚህ ኂሩት ወደደቻት። ሕፃኗን መዘነች፣ ደህና እየጨመረች ነው አለች። ብሩክታዊትን ስለ ወተቷ፣ ስለ እንቅልፏ፣ የሚከፋት ነገር እንዳለ ጠየቀቻት። ባለቤቷ ተክለአብ ሥራ መሆኑን፣ እናቷ በየቀኑ ከዌምብሊ እንደምትመጣላት ሰማች። ዓይኗ ነጠላው የተጣለበት መደርደሪያ ላይ አንድ አፍታ አረፈና አለፈ።

ከዚያ ሕፃኗ የምትተኛበትን ቼክ ላድርግ ብላ ወደ ቅርጫት አልጋው ጎንበስ አለች። ፍራሹ ጠንካራ መሆን እንዳለበት፣ ትራስም አሻንጉሊትም እንደማይፈቀድ እያስረዳች በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። በራስጌ በኩል እጇ ቆመ። ፍራሹን አነሳች።

ኂሩት ጨውን ጠርጋ፣ ቀንድን ሸፍና፣ የልጇን ነገር ሁሉ ስትደብቅ የራሷን ረስታዋለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

በመሐረብ የተጠቀለለው፣ የእንጨት እጀታው ባንድ በኩል ያረረ የሽንኩርት ቢላዋ ነበር። ከሆስፒታል የመጡ ዕለት ብሩክታዊት እንቅልፍ ሲወስዳት ኂሩት ነች ያስገባችው። አራስና ጨቅላ ያለ ብረት አይተዉም፤ ይህን ኂሩት ከማን እንደተማረችው አታስታውስም፣ ማንም አላስተማራትም፣ ሁሉም ያደርገዋል። ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ሕፃኗን የሚጠብቅ ነገር ያስፈልጋል። ጥንቆላ ነው ብላ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰበችም።

ነርሷ ፈገግታዋ ጠፍቶ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ዞር ስትል ነጠላው ባንድ በኩል ተንሸራቶ ቀንዱና ጥቁሩ ቢላዋ ወጥተው ታዩ። ብሩክታዊት ያኛው ለእምነቷ ሥርዓት የምትጠቀምበት እንደሆነ፣ ስለትም እንደሌለው ነገረቻት። ነርሷ በእጇ የያዘችውን ከፍ አደረገች።

"ይሄኛውስ?"

ብሩክታዊት ያረረውን እጀታ አየችው። ከዚያ እናቷን አየቻት። ሳታስበው ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገቻት።

"የእኔ ነው" አለች።

ነርሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እምነቷን እንደማትነካ፣ ነገር ግን ሕፃን የሚተኛበት ውስጥ ቢላዋ ካገኘች ለአለቆቿ ማሳወቅ ግዴታዋ እንደሆነ ተናገረች። ምናልባት ሶሻል ወርከር መጥቶ ሊያነጋግራት ይችላል። እምነትሽ በሕፃን ላይ የሚደረግ ነገር ያዛል? ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? ብሩክታዊት በሁለቱም ጥያቄ የለም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ኂሩት እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። ሰው እንግሊዝኛዋን ይንቃል እንጂ እሷ ጆሮዋ ደህና ነው። ዝም አይነቅዝም አለች በልቧ። ዝም ብትል ያ መደርደሪያ ይነሳል። ልጅቷ ትደነግጣለች፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ወደ እግዚአብሔር ይመለሳል፤ ክርስትናውም ይሆናል። ስንት ጊዜ የምትጸልይበት ሥዕል ፊት ያለቀሰችበት ነገር ይኸው ባላወቀችው ሴት እጅ ደጇ ድረስ መጣላት። ብትናገርስ? አያትየዋ ከሕፃኗ ጋር ብቻዋን እንዳትሆን ቢሏትስ? አበባን በወር አንዴ፣ ሰው እየጠበቃት ልታያት ነው?

ከዚያ ልጇን አየቻት። ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ ያለችው ልጅ፣ መዋሸት የማይሆንላት ልጅ፣ ሕፃኗን አቅፋ በዕድሜዋ የመጀመሪያውን ውሸት ተሸክማ ተቀምጣለች። ይህችን ልጅ ጥላ የምታገኘው ክርስትና ምን ሊሆንላት ነው?

"ቢላዋው የእኔ ነው" አለች በእንግሊዝኛ። "ዋሽታ ነው። ለእኔ ብላ ነው።"

"ማሚ፣ ተይው።"

"ዝም በይ አንቺ።" ወደ ነርሷ ዞረች። በእነሱ ዘንድ አራስ ያለ ብረት እንደማይተው፣ ክፉ ነገር ብረት እንደሚፈራ፣ ልጅቷ ስትተኛ ደብቃ እንዳስገባችው በተሰባበረ ግን በማይሸሽ እንግሊዝኛ ነገረቻት። ነርሷ ገና ያላመነች ትመስል ነበር፤ ዓይኗ ከመደርደሪያው አልተነሳም። ያን ጊዜ ኂሩት ኪሷ ውስጥ እጇን ሰድዳ ከዘገነችው ቆንጥራ አውጥታ መዳፏን ዘረጋች።

"የእሷ ይሄ ነው። ጨው። በር ላይ ነበር፣ አንቺ እንዳታዪው ብዬ እኔ ነኝ የጠረግኩት። ይሄ ማንንም አይቆርጥም። የሚቆርጠው የእኔ ነው።"

ነርሷ ጨውን አየች፣ ቢላዋውን አየች። እንደሰማችው አድርጋ እንደምትጽፍ፣ በሚመጣው ሳምንት ተመልሳ እንደምትመጣ ነገረቻቸው። በዚህ ያበቃል ብላ ቃል መግባት ግን አልቻለችም። ሕፃኗ የምትተኛበት ውስጥ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳይገባ ለኂሩት ደግማ አስጠነቀቀቻት፤ ኂሩትም እንደ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ነርሷ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

"ለምን ዋሸሻት?" አለች ኂሩት።

"ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ ይሉሻል ብዬ።"

"የእኔ መሆኑንስ በምን አወቅሽ?"

"እጀታውን ስቶቭ ላይ ያቃጠልኩት እኔ አይደለሁ?" አለች ብሩክታዊት። ሳቅም ለቅሶም የቀላቀለ ድምፅ ነበር። "ለእኔም አድርገሽልኝ ነበር?"

"ስትወለጂ፣ ሼፈርድስ ቡሽ ስንኖር፣ ይህችን በምታህል ክፍል። ከገበያው ገዝቼ በራስጌሽ አኖርኩት። እናቴ የለች፣ ጎረቤት የለ፣ ሌላ ማን ይጠብቅሽ ነበር?"

ብሩክታዊት ሕፃኗን አስተኝታ ፍራሹን በመዳፏ አስተካከለችው።

ኂሩት ቢላዋውን በመሐረቡ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ወደ ዌምብሊ ወደ ሽንኩርቱ ይመለሳል። ኮቷን ለበሰች። አውቶቡሷ እንዳያመልጣት ነው፣ ግን እግሯ አልሄድ አላት። ብረቱ ሲወጣ ሕፃኗ ያለ አንዳች ጠባቂ ልትውል ነው። ጸሎት አለ፣ ጸሎቷን ታደርሳለች፤ ቢሆንም።

ነጠላዋን ከመደርደሪያው ላይ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። አማተበች። ከዚያ ኮቷን እንደለበሰች መኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ተንበረከከችና ኪሷ ውስጥ የቀረውን ጨው ዘግና አወጣች።

"ከየት በኩል ነው የሚጀመረው?" አለች ቀና ሳትል።

"ከግራ" አለች ብሩክታዊት።

ኂሩት ከግራ ጀመረች።