የገብረየስ ሠላሳ ደቂቃ

ገብረየስ ተናዷል። ነጩ የስፖርት ጫማው ትናንት ከአልጋው ሥር ነበር፤ ዛሬ የለም። ሚስቱ ምንትዋብ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትልጣለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ ማን ሽንኩርት ይልጣል?

"ጫማዬስ?"

"ሰብሊ አጥባው ይሆናል።"

ልጃቸው ሰብሊ አግብታ ገርጂ መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው።

ገብረየስ ከሁለት ወር በፊት ልቡን የሚመግበው የደም ሥር ተደፍኖበት ሰሚት ታክሲ ተራ ላይ ወድቆ ነበር። ሐኪሞች በቀጭን ቱቦ ሥሩን ከፈቱለት፤ ልቡ ግን ደክማ ቀረች። ዶክተር ሣራ በማሽን አይታ፣ ልቡ ከያዘችው ደም በአንድ ምት የምትገፋው አርባ በመቶውን ብቻ እንደሆነ ነገረችው። መድኃኒቱን ሳያዛንፍ እንዲውጥ፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ በእግሩ እንዲሄድ አዘዘችው። የፍጥነቱን ልክ ሳይቀር ነገረችው፦ እየሄዱ ማውራት መቻል፣ መዝፈን ግን ማቃት አለበት። በሦስተኛው ወር ካልተሻለው ስለ ቀዶ ጥገና ሊነጋገሩ ተቀጣጥረዋል። የቀረው አንድ ወር ነው። ባለፈው ማክሰኞ መርምራው "አልሄዱም አቶ ገብረየስ" አለችው፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ። በየጠዋቱ እንደሚወጣ ማለላት።

መውጣቱንስ ይወጣል። ችግሩ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ጎረቤቱ መክሮ በየደረጃው መታጠፊያ አንዳንድ የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጠለት። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ቲጂ በር ከፍታ ትጠብቀዋለች። ካልተቀመጠ ትቀየማለች፤ ከተቀመጠ ደግሞ በልብ የሞቱ ዘመዶቿን አንድ በአንድ ታነሳለታለች። ይህን ሁሉ አልፎ ግቢው በር ሲደርስ ምድር ቤት የሚኖረው ተካልኝ ቪትዙን አስነስቶ ይጠብቀዋል። እሱ መኪና እያለው ጋሼ በእግራቸው ሲሄዱ ሰው ምን ይለዋል? ገብረየስም ይሉኝታ ይዞት ይገባል፤ ሾላ ገበያ ደርሶ፣ ቲማቲም ተገዝቶለት፣ እንደተቀመጠ ይመለሳል።

ሊቆጣ ሲል ደግሞ ሁሉም ባንድ አፍ፣ "ጋሼ አይናደዱ፣ ለልብዎ ጥሩ አይደለም" ይሉታል። የሚያናድደው ይኸው ነው። መሄድ ተከለከለ፤ መናደዱንም ከለከሉት። የመንገድ ቀያሽ የነበረ፣ ባሌንና ጎጃምን በእግሩ የለካ ሰው፣ እንደ ሰርግ ዕቃ ከወንበር ወንበር ሲያዛውሩት ይውላሉ።

ዛሬ የቢሮ ቆዳ ጫማውን አጠለቀና ወጣ።

ቲጂ ወንበሩን አስተካክላ ጠበቀችው። ሳይቀመጥ ወንበሩን ብድግ አደረገና ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወረደ። ከኋላው ወደ ላይ ተጣራች፦ እትዬ ምንትዋብ፣ ጋሼ ወንበር ይዘው ሄዱ።

ተካልኝ እንደ ልማዱ የፊት በሩን ከፈተለት። ገብረየስ የኋላውን ከፍቶ ወንበሩን አስገባ።

"እሱን አድርስልኝ" አለው። "መሄድ ያቃተው እሱ ነው።"

ተካልኝ ሊስቅ ብሎ ፊቱን አየና ተወው።

ገብረየስ የሲኤምሲን መንገድ ያዘ። ብዙም ሳይርቅ የነጠላ ጫማ ጠፍ ጠፍ ሲል ሰማ። ምንትዋብ ናት፤ ያልተላጠው ሽንኩርት እጇ ላይ ቀርቷል። ቁም አለችው። አልቆመም። ልትቆጣው ከፈለገች አብራው መሄድ ግድ ሆነባት።

"የወደቅኸው እኮ እየሄድክ ነው" አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ከታክሲ ወርደህ አሥር እርምጃ ሳትሄድ። ያየሁህ እኔ ነኝ። አንተ አላየህም።"

እርምጃው ትንሽ ተወላገደ። ይህን አንድም ቀን ብላው አታውቅም።

"የታመምኩት ግን ተቀምጬ ነው ምንቴ" አለ። "ኃላፊ ተብዬ አሥራ አንድ ዓመት የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ። አሁን አንድ ወር ቀርቶኛል፤ እናንተ መልሳችሁ ታስቀምጡኛላችሁ። ደረቴ ሲቀደድ 'ምስኪን፣ እኛስ አላደከምነውም ነበር' ብላችሁ ትጽናናላችሁ።"

እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ እርምጃዋን ከእርምጃው ጋር እያስተካከለች ሄደች። ከዚያ ስለ ካልሲው ጀመረች፤ በቆዳ ጫማ ያለ ካልሲ የሚወጣ ምን ዓይነት ሰው ነው? እሱም ጫማ ስለምትሰርቅ ሴት መለሰላት። ተካልኝ ከኋላ በአንደኛ ማርሽ ይከተላቸዋል፤ የኋላ ወንበሩ ላይ የቲጂ ወንበር ተንፈላሷል፤ ሚኒባሶቹ ጥሩምባ ይነፉበታል።

ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ተጨቃጨቁ። ማውራት ችለዋል። መዝፈንማ ማን አማረው።

በማግሥቱ ጠዋት ነጩ ጫማ በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ምንትዋብ ሰብሊ ትታው የሄደችውን የድሮ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ታስራለች። ቀና ብላ አላየችውም።

"ዛሬ ብትወድቅ አላነሳህም።"

"እንዳታነሺኝ" አለና በሩን ከፈተላት።