ጋኑ እንዳይደነግጥ

የለቀስተኛው ድምፅ ረገብ ባለ ቁጥር አበቡ ጓዳውን ታዳምጣለች።

ባሏ ድሬሰር ዳኛው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ፀዳ ባለችው ቤታቸው ሳሎን፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሴቶቹ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ደጅ በድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ወንዶች ሐዘናቸውን በካርታ ጨዋታ ያስታግሳሉ። የአበቡ ልብ ግን ጓዳ ካለው ጋን ዘንድ ነው። ዳኛው ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው የጠነሰሰው ጠላ እዚያ እየፈላ ነው፤ ጥንስስ ደግሞ ሐዘን አያውቅም።

በሰፈሩ «የአበቡ ጠላ» ሲባል ቄሱም ነጋዴውም ምራቁን ይውጣል። ይህ ስም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲወደስ፣ አበቡ የሠራችው ነገር ቢኖር ብቅሉን ማስፈጨት፣ ጠላውን መቅዳትና ምስጋናውን አንገቷን ሰበር አድርጋ መቀበል ነበር። ጠማቂው ዳኛው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዳኛው ወገራ ውስጥ፣ አምባ ጊዮርጊስ ተመድቦ ሲሠራ ነው። ያኔ አዲስ ሙሽራ የነበረችው አበቡ ለመጀመሪያው ማኅበራቸው የጠመቀችው ጠላ ኮመጠጠ። ማኅበርተኛው በአክብሮት ጠጣ፤ ከዚያም በአክብሮት ለሁለት ቀን ሜዳ ለሜዳ ተመላለሰ። ግማሹን ያከመው ራሱ ዳኛው ነበር። ሕክምናውን ሲጨርስ ጓዳ ገባና ጋኑን እንደ በሽተኛ ዞሮ አየው፤ ዳሰሰው። የልብ ማዳመጫውን ከኪሱ አወጣ፤ ብረቷን በመዳፉ መሀል ሲያሻት ቆይቶ ጋኑ ሆድ ላይ አሳረፋት።

«ብርድ መትቶታል» አለ። «የወገራ ብርድ ሰውንም አይምር።»

«ብረቷን ምን ያሳሽሃል?» አለችው አበቡ፣ ስለ ኮመጠጠው ጠላ ከምታለቅሰው ልቅሶ መሀል ሳቋ እያመለጣት።

«እንዳይደነግጥ ነዋ።»

ከዚያ ወዲያ ጋኑ ጋቢ ለበሰ። በየጠዋቱም ይደመጥ ጀመር። ጥንስሱ ሲንጨረጨር ከሆነ ዳኛው «ይናገር፣ አታቋርጪው» ይላል። ጸጥ ያለ ቀን ግን ውሎ ሳያድር፣ ተቆልቶ የተፈጨውን የገብስ አሻሮ ይጨምርበታል። ቀድሞ የጨመረ ያፍነዋል፤ የዘገየ ያኮመጥጠዋል። ወንድ ልጅ ጠላ ጠመቀ ከተባለ፣ ሆዱን አሞት የመጣ በሽተኛ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሊስቅ ነው። ስለዚህ ስሙ ለሚስት ተሰጠ።

አሁን ጓዳ ያለው የመጨረሻው ነው። ለአርባው ሌላ መጥመቅ ይቻላል፤ የዳኛው እጅ ያረፈበት ግን ከዚህ ሌላ የለም። አበቡ «ውሃ ልጠጣ» እያለች ሦስት ጊዜ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን በጋኑ ላይ ለጥፋለች። የሰማችው የገዛ ልቧን ድው ድውታና ከድንኳኑ የሚመጣውን የካርታ ክርክር ብቻ ነው። ማዳመጫው ያስፈልጋታል። ማዳመጫው ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ፣ በዳኛው ፎቶ ላይ እንደ ኒሻን ተንጠልጥሏል።

የሰቀለችው ታላቅ እህቱ እትዬ ወርቅውሃ ናት። ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ ከመኪና እንደወረደች ፎቶው ፊት ቆመችና፦

የሰው ልብ አዳምጦ ሕመሙን የሚያውቀው፣
ዛሬስ የእሱን ልብ ማን ነው ያዳመጠው።

ብላ ስታወርድ ለቀስተኛው ተንሰቀሰቀ። ከዚያ በኋላ ያንን ማዳመጫ መንካት ሬሳ መንካት ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ወደ አርባው ዞረ። ወርቅውሃ የአርባውን ጠላ ከአበቡ እጅ በቀር ማንም እንዳይነካው ወሰነች፤ ሴቶቹም እውነት ነው አሉ። አበቡ ከዚህ በላይ መቻል አቃታት።

«የእኔ እጅ አይደለም፣ እትዬ። ጠላውን የሚጠምቀው ዳኛው ነበር።»

ወርቅውሃ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሣች።

«ሰማችሁ? ስሟን ሳይቀር አብራ ልትቀብርለት ነው።»

ልቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ። አንዷ እንዲህ ያለች ሚስት ዳግም አትወለድም አለች። ሌላዋ፣ የእሷ ባል ቢሞት ወጡን የሚሠራው እሱ ነበር እስከ ማለት እንደማትደርስ በግልጽ አመነች። የአበቡ ጠላ ስም እንደዚያች ደቂቃ ከፍ ብሎ አያውቅም።

ያመነቻት ጎረቤቷ ጦይባ ብቻ ናት። ጦይባ ጠላ ቀምሳ አታውቅም፤ ሃይማኖቷ አይፈቅድም። ዳኛው ምስጢሩን የነገራትም ለዚሁ ነበር፤ የማይጠጣ ሰው ምን ብሎ ያወራል ብሎ። አፍንጫዋን ግን ያከብር ነበር። አሻሮ ሲቆላ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ጦይባ፣ እስቲ አሽትቺ፣ አረረ?» ይላታል።

አሁን ወደ አበቡ ጠጋ ብላ ምን እንደቸገራት በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ሰምታ ተነሣች። ድንኳኑ ገብታ ለእድሩ ሰብሳቢ ለአቶ ስማቸው የሟች ፎቶ አቧራ ለብሶ ማየት ነውር መሆኑን በቁጣ ነገረችው። አቶ ስማቸው ካርታውን ደረቱ ላይ ሸሽጎ ይቅርታ ጠየቀ። ጦይባ ፎቶውን በሻርፗ ጠርጋ ስትወጣ አቧራውም የለም፤ ማዳመጫውም የለም።

ጓዳ ውስጥ አበቡ ጋቢውን ገልጣ ብረቷን በጥድፊያ ጋኑ ላይ ደቀነች። ምንም። ቦታ ለወጠች። ምንም።

«ዝም ብሏል» አለች።

«ዝም ሲል ምን ያደርግ ነበር?»

«አሻሮውን ይጨምር ነበር።»

«እና ማንን ትጠብቂያለሽ?» አለች ጦይባ። «እሱን?»

አበቡ ዞራ አየቻት። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳሎን እንዳይሰማ አፏን በጋቢው አፍና ሳቀች። ዳኛው ፈጭቶ ያስቀመጠውን አሻሮ ጨመረች፤ በረጅሙ እንጨት አማሰለች፤ ከድና ጋቢውን መለሰችለት።

በማግስቱ፣ ከሣልስቱ ጸሎት መልስ፣ ወርቅውሃ ፎቶውን ባዶውን አገኘችው። ድንኳኑን በርብራ፣ ሳሎኑን በርብራ ጓዳ ደረሰች። አበቡ ጋኑ ሥር በርከክ ብላ ማዳመጫውን ገና ጆሮዋ ላይ መሰካቷ ነበር፤ ጦይባ በሩን ይዛለች።

«ምነው አበቡ፣ የወንድሜን ዕቃ መጫወቻ አደረግሽው?»

አበቡ ማዳመጫውን አውልቃ በወርቅውሃ ጆሮ ሰካችላት። ብረቷን ወደ ጋኑ ልታስጠጋ ስትል ቆም አለች፤ ብረቷ ቀዝቅዛለች። በሁለት መዳፏ መሀል አድርጋ ታሻት ጀመር።

የወርቅውሃ ዓይን እዚያ እጅ ላይ ቀረ። ዳኛው ደረቷን ባየላት ቁጥር አንድም ቀን ብረት ቀዝቅዟት አያውቅም።

«ይቺን ያስተማረሽ እሱ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ጋኑ እንዳይደነግጥ ይል ነበር።»

ብረቷ ጋኑን ነካች። ወርቅውሃ ግንባሯን ቋጥራ ቆየች። ከዚያ ግንባሯ ተፈታ፤ አፏ ተከፈተ።

«ምን ይላል?» አለች ጦይባ ከበሩ።

«ይናገር፣ አታቋርጪው» አለች አበቡ።

ወርቅውሃ በሌላው ጎኑም ልትሰማው ፈለገች። እጇን ዘርግታ ብረቷን ከአበቡ ተቀበለች። ጋኑን ዞራ ተንበረከከች፤ ወዲያው ግን አላስጠጋቻትም። ብረቷን ወደ አፏ አቅርባ ሁለት ጊዜ ተነፈሰችባት፤ ከዚያም በመዳፏ ጭብጥ አድርጋ እስክትሞቅ ያዘቻት።