ማንኪያውን ያንሱ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የአቶ ክፍሉ ሁኔታ የሚከተለው ነበር። ዕድሜ ሃምሳ ስምንት። ስትሮክ ከመታቸው አስራ ዘጠነኛ ቀን። ቀኝ እጃቸው አይንቀሳቀስም፤ ቀኝ እግራቸው አልጋው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነሳም። የሚናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አቦ»። ትዕዛዝ መከተል፦ ከአስር አንድ።

ይህን የመዘገብኩት እኔ ኑኃሚን ነኝ። የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ከደብረ ማርቆስ ድሬ ዳዋ ከገባሁ ገና አራት ወር አልሞላኝም ነበር።

ከባዷ የመጨረሻዋ ቁጥር ነበረች። አዲስ አበባ ያለው የነርቭ ተሃድሶ ማዕከል አስተኝቶ የሚያክመው ከአስር ትዕዛዝ ቢያንስ ስድስቱን የሚፈጽም ታማሚን ነው። የሚባለውን የማይረዳ ሰው በቀን ሦስት ሰዓት ልምምድ መሥራት አይችልም። በዚያው ጠዋት የማዕከሉ ሐኪም ዶክተር ሃኒ ደወለችልኝ።

«አንድ አልጋ ተለቋል። እስከ ቀኑ አስር ሰዓት እይዝልሻለሁ። ስንት አመጡ?»

«አንድ።»

«ከሰዓት ድገሚላቸው። ካልሆነ ለሚቀጥለው እሰጠዋለሁ።»

ካልሆነ ሐሙስ ቤታቸው ይገባሉ። ባለቤታቸው የሺመቤት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የወሰደችው ፈቃድ በማግስቱ ያልቃል። እሷ ሥራ ስትውል ማን እንደሚያገላብጣቸው ጠየቅኳት።

«ግድግዳው» አለችኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ማንኪያ፣ ብርጭቆና ማበጠሪያ ፊታቸው ደርድሬ እንደገና ጀመርኩ። «ማንኪያውን ያንሱና ይስጡኝ።» ወደ ጎረቤት አልጋ ተመለከቱ። «ብርጭቆውን ይገልብጡ።» ወደ በሩ ተመለከቱ። «ትኩረታቸው ይበተናል» ብዬ ጻፍኩ። አሁንም ከአስር አንድ።

ወረቀቱን ሳጥፍ መሐሙድ ገባ። አብሯቸው ባጃጅ የሚጠግን የሥራ ሸሪካቸው ነው። አንድ ፌስታል ዘይቱን ሆዳቸው ላይ አስቀመጠ።

«ዋርያ ክፍሉ! አሁንም ተኝተሃል? ደንበኛው ሁሉ እኔ ላይ እየጮኸ ነው እኮ!»

«አቦ» አሉ አቶ ክፍሉ።

«አቦ በል አንተማ! ይልቅ ያንን ፌስታል ክፈትና አንድ ዘይቱን ስጠኝ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

አቶ ክፍሉ በግራ እጃቸው ፌስታሉን ከፈቱ። ፍሬዎቹን አገላበጡ። አንዷን አውጥተው ሰጡት።

«የሺ፣ አየሽው?» ጮኸ መሐሙድ ወደ የሺመቤት ዞሮ። «መርጦ ትንሿን ሰጠኝ! ድሮም ስስታም ነው፤ ጭንቅላቱ ምንም አልሆነም!»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ከፈቱ፤ ሰጡ። ባለ ሁለት ደረጃ ትዕዛዝ ነው፤ ያውም ያለ አንዳች የእጅ ምልክት። ተጠጋሁ።

«ለእኔም አንድ ይስጡኝ።»

ወደ ጎረቤት አልጋ ተመለከቱ። መሐሙድም አብሮ ዞሮ ተመለከተ። «እነማን ናቸው የሚሰጡሽ?»

«እሳቸውን እኮ ነው ያልኩት።»

«ክፍሉን?» ሳቁን ለቀቀው። «አቦ አንቺ ልጅ! እዚህ አገር አንቱ የሚባለው ማን ነው? እኔ አባቴን አንተ እንዳልኩት ነው የቀበርኩት። ይስጡኝ ስትይው እኮ ሌሎች ሰዎች ይስጧት ያልሽ መስሎት ሰዎቹን እየፈለገ ነው!»

ያንሱ። ይስጡኝ። ይገልብጡ። ቃሉ ለአንቱም ለእነሱም አንድ ነው። ጤነኛ ሰው ከሁኔታው ይለየዋል፤ ስትሮክ የመታው፣ ዕድሜ ልኩን አንተ ሲባል የኖረ ሰው ግን ላይለየው ይችላል። ትኩረታቸው ተበትኖ ሳይሆን እኔ ያዘዝኳቸውን ሰዎች እየፈለጉ ከሆነስ? ግምት ነበር፤ መፈተን ነበረበት።

የአባቴ እኩያ ናቸው። እንደምንም ከአፌ አወጣሁት።

«ክፍሉ… ማንኪያውን አንሳና ስጠኝ።»

አነሳና ሰጠኝ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንቱ ብዬው አላውቅም።

መሐሙድንና የሺመቤትን አስወጣሁ። በዓይኔ ወይም በእጄ እንዳልረዳው ከጀርባው ቆሜ፣ አስሩን ትዕዛዞች ቅደም ተከተላቸውን ቀይሬ በአንተ ጠየቅኩት፦ ስምንት። እንደገና በአንቱ ጠየቅኩት፦ ዜሮ። ጠዋት ያገኛት አንዷ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» የምትለው ነበረች፤ ለካ እኔው ሳላስበው ዓይኔን እየጨፈንኩ አሳይቼው ነበር። የጠዋቱን ውጤት ያላየውን ነርስ ጢሞቴዎስን ጠርቼ በአንተ ብቻ እንዲጠይቀው አደረግኩ፦ ስምንት። የሺመቤትን አስፈቅጄ ይህኛውን በስልኬ ቀረጽኩ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ነበር፤ ስቸኩል ቁጥሩን ሁለቴ ተሳስቼ ደወልኩ።

«ጠዋት አንድ፣ አሁን ስምንት?» አለች ዶክተር ሃኒ። «ምን ሰጠሻቸው?»

«ምንም። ታማሚው ያው ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቪዲዮውን እዪው።»

በቴሌግራም ላክሁትና ሁለቱን መልሼ አስገባኋቸው። የሺመቤት የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታለች። መሐሙድ ስልኬን አፍጥጦ ያያል። ክፍሉ ብቻ ዘይቱኑን ይበላል። ለአስር ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ስልኬ ጮኸ።

«አልጋው የእናንተ ነው» አለች ሃኒ እየሳቀች። «ነገ አምጡት!»

የሺመቤት እልል አለች። ጎረቤት አልጋ ያሉት ሰውዬ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ። መሐሙድ ክፍሉን ግንባሩን ሳመው። «አቦ!» አለ ክፍሉ ፊቱን እየጠረገ።

በሪፈር ወረቀቱ ላይ ከምርመራው ውጤት በፊት «ታማሚውን አንተ ይበሉት» ብዬ ጻፍኩ።

ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ የማዕከሉ የመውጫ ሪፖርት ደረሰኝ። ትዕዛዝ መከተል፦ በአንተ ከአስር አስር፣ በአንቱ ከአስር አራት። በከዘራ፣ ያለ ሰው ድጋፍ የተራመደው፦ አርባ ሁለት ሜትር።