ከሃያ ሃያ

ጧ! አለ አንድ ነገር። ቀጥሎ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ተንከባሎ መሬት ወደቀ።

ምርጥ ዛፎችን ለይታ የምታወጣው መራጯ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። የጎማ ዛፍ ፍሬ ፀሐይ ሲጠናበት እንደ ርችት ፈንድቶ ዘሩን ይረጫል፤ ድምፁን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ያላወቀችው ዛሬ አጎቷን ምን ብላ እንደምታናግረው ነው።

አጎቷ ሠራተኞቹ ከተደረደሩበት ረጅም አግዳሚ ጫፍ ተቀምጦ ቢላዋውን ይስላል። የምርምር ጣቢያው ሰው ሁሉ የሚያውቀው “አይስቴ” በሚለው ቅጽል ነው። ሥራው ማዳቀል ነው፤ ከምርጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል እምቡጥ ከነልጣጯ ያነሳና፣ ከዘር በበቀለ ተራ ችግኝ ግንድ ላይ ይለጥፋታል፤ አጠገቡ የምትሠራው አሳሪዋ በላስቲክ ታስራታለች። እምቡጧ ከያዘች የችግኙ ላይኛው ክፍል ይቆረጣል፤ ዛፉም ከሥሩ ተራ፣ ከላዩ ምርጥ ሆኖ ያድጋል። ሌላው አዳቃይ ከሃያ አሥራ አምስት ከያዘለት ደረቱን ነፍቶ ይውላል። አይስቴ ግን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሃያ ሃያ አስይዟል። መዝገቡም እንዲህ ይላል፤ ቅጽሉም የመጣው ከዚያ ነው።

ጎማ ሙቀትና ዝናብ ያሞላቀቀው ዛፍ ነው። ብርድና ደረቅ ንፋስ ሲነካው ቅጠሉን አራግፎ ይሞታል። ለዚህ ነው እነዚያ ሃያ ችግኞች፣ ከየዓይነቱ አንዳንድ፣ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ሆን ተብሎ ንፋስ በሚገርፈው ተረተር ላይ የተተከሉት። ያለፈው ብርድ አሥራ ዘጠኙን አደረቀ። ሰባት ቁጥር ብቻ ቅጠሉን እንደጫነ፣ ግንዱ ጫር ሲደረግ ወተቱን እንደ አዲስ ወላድ ላም እያፈሰሰ ቆመ። ጣቢያው በደስታ ሰከረ። ዛሬ የሰባት ቁጥር እናት ዛፎች ካሉበት ሞቃታማ ሸለቆ ቅርንጫፎች ይመጣሉ፤ ሦስት ሺህ ችግኝ ይዳቀልና በብርዳማው ተዳፋት ለሚኖሩ ገበሬዎች ይታደላል።

መራጯ ግን ትናንት የዛፉን ውፍረት ልትለካ ወጥታ ከሥሩ ተንበርክካ ነበር። የተዳቀለ ዛፍ ከጉልበት በታች እብጠት አለው፤ ከዚያ በላይ ግንዱ እንደ ቧንቧ እኩል ነው። ይሄኛው እብጠት የለውም። ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየሾጠጠ ይሄዳል። ከዘር የበቀለ ዛፍ ነው! የሰባት ቁጥር እምቡጥ ያኔውኑ ሞታለች፤ ያደገው ተሸካሚዋ ችግኝ ነው። አባቱ የማይታወቅ ተራ ዛፍ የባለ ስሙን ታርጋ አንጠልጥሎ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። የሞተች እምቡጥ ደግሞ ከአዳቃይ ዓይን አታመልጥም።

ዓይኗን ታምናለች፤ ዝም ካለች ሦስት ሺው ችግኝ በመጀመሪያው ብርድ እንደሚያልቅ አልጠፋትም። መናገሯ አይቀርም። ነገር ግን የእናቷ ወንድም ነው፤ ቢላዋ አያያዝ ያሳያትም እሱ። እሷ ብትናገር አጋለጠችው፤ እሱ ቢናገር ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ እምቡጥ እስክትላጥ ልትጠብቀው ቆርጣለች።

“ጋሼ፣ ትናንት ተረተሩ ላይ ወጥቼ ነበር።”

ቢላዋው ከድንጋዩ ላይ ቆመ። “ብርድ አልመታሽም?”

“ከሰባት ቁጥር ሥር ተንበርክኬ ብርዱን ረሳሁት።”

“ምን ብለሽ ለመንሽው?” አለች አሳሪዋ ላስቲክ እየቀደደች። አፏ ሥራ ፈቶ አያውቅም። “እኔም ሄጄ ልለምነው እንጂ! ባሌ ገና ደመና ሲያይ ሦስት ብርድ ልብስ ነው የሚደርበው።”

አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። አይስቴ አልሳቀም።

“የእህቴ ልጅ፣ ዓይንሽ የእናትሽ ነው። ምንም አያልፈውም” አለ ቀስ ብሎ።

“አንተ ነህ ያሠለጠንከው።”

ጋሪው በር ላይ ደረሰ። የጣቢያው ኃላፊ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ቅርንጫፍ ታቅፎ፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው እየፈነደቀ ገባ። “አይስቴ! የመጀመሪያዋን አንተ ላጥ። ሰባት ቁጥር የእጅህ ልጅ አይደለች?”

አይስቴ አንዱን ቅርንጫፍ አነሳ። አገላበጠው። መልሶ አስቀመጠው።

“ይሄ አይሆንም።”

“ምነው፣ መንገድ ላይ ደረቀ?”

“ደኅና ነው። ሰባት ቁጥር ነው።”

“እኮ!”

“ተረተሩ ላይ ያለው ግን ሰባት ቁጥር አይደለም።”

ላስቲክ የሚቀድዱት እጆች ቆሙ።

“በሃያ አንደኛው ቀን እምቡጧን ስፈታት ጠቁራ አገኘኋት” አለ አይስቴ። “አሥራ ዘጠኝ ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ችግኙን ሳልቆርጥ እንዳለ ተከልኩት፤ ታርጋውንም አሰርኩበት። ይሄው ነው።”

“ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?”

“ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።”

“እኔ እንኳ ዕድሜዬን ከደበቅኩ ገና ሰባት ዓመቴ ነው” አለች አሳሪዋ። ማንም አልሳቀላትም።

ኃላፊው ወደ መራጯ ዞረ። “አንቺስ ምን ትያለሽ?”

“እውነቱን ነው። ግንዱን አይቻለሁ።”

“ታዲያ እጃችን ላይ ምን ቀረ?”

“ዛፉ ነዋ!” አለች፤ ድምፅዋ ራሷንም እስኪገርማት ጠንክሮ ወጣ። “ብርዱን የቻለው ዛፉ ነው፤ ስሙ ምን አገባው? ዛሬውኑ ከራሱ ቅርንጫፍ እናውርድና አርባ እናዳቅል፤ እዚያው ንፋሱ ላይ እንትከላቸው። ሁለት ብርድ ከተሻገሩ ሃያ አንድ ቁጥር ይባል።”

“ገበሬዎቹንስ ምን ልበላቸው?”

“ጠብቁ ይበሏቸው። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ! የሚሞት ችግኝ ከሰጠናቸው ግን ሁለተኛ ደጃችንን አይረግጡም።”

ኃላፊው የታቀፈውን ጆንያ አግዳሚው ላይ ጣለ። “መሰላሉን አምጡ” አለ።

ከምሳ በፊት ቅርንጫፎቹ ወረዱ፤ ዛፉ ላይ የወጣችው ራሷ መራጯ ናት። አይስቴ አርባውንም ብቻውን ላጠ፣ ብቻውን ለጠፈ። እጁ እንደ ወትሮው ነበር፤ ልጣጩን ከልጣጩ ሲያጋጥም መካከላቸው ፀጉር አያስገባም። አሳሪዋ እየተከተለች አሰረች።

የመጨረሻዋ ስትታሰር መራጯ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። “ስንቱ ይይዝልናል፣ ጋሼ?”

አይስቴ ተነሳ። የደረቀውን ወተት ከጣቶቹ ላይ አሻሽቶ አራገፈ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣለና በአግዳሚው ዳር አልፎ ወጣ።

“ሥራ እኮ አላለቀም!” አለ ኃላፊው። “ወዴት ነው?”

መራጯ እስከ በሩ ተከተለችው። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በቀኝ በኩል ነው፤ በግራ ያለው ወደ ገበሬዎቹ ብርዳማ ተዳፋት ይወጣል። አጎቷ በግራ ታጠፈና፣ ዞር ብሎ ሳያይ፣ ረጅም እርምጃውን እየጣለ ሄደ።