ክዳን ያልተገጠመበት ሙዳይ

ጣቢታ የሟቿን ፍራሽ ጠቅልላ ወደ ግድግዳው ስታስጠጋ ከመጋረጃው ኋላ አንድ ሙዳይ አየች። ሳልስት ነው። የእማማ ትርፊት የአልጋ ልብስ ወጥቶ ፀሐይ ይምታው ተብሎ ሥራው ለምራቲቱ ተትቶላታል። ሙዳዩ ከጠፋው የከሰል ምድጃ አጠገብ፣ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ ወልቆ ከጎኑ ተጋድሟል፤ አፉ ላይ ጣል የተደረገችው አንዲት ስስ የነጠላ ቁራጭ ብቻ ናት። ጣቢታ ቁራጯን ገለጥ አደረገቻት።

ባጂያ ነው። ዓርብ ዕለት፣ አማቷ ሊሞቱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ በገዛ እጇ የጠበሰችው ባጂያ። ስድስት ነበር ያቀረበችላቸው። አምስቱ ሳይነኩ ቁጭ ብለዋል፤ ስድስተኛው ከጫፉ ብቻ ተገምጧል።

ዓርብ ማታ ሳህኑን ባዶ ሆኖ ስታገኘው እሰይ ብላ ነበር። አማቷም «እጅሽ ይባረክ» ብለዋታል። ለካ ሳይበሉት ደብቀውት ኖሯል።

ነገሩን ለማንም ባትናገረው ኖሮ ደግ ነበር። ግን ተናግራለች። የቀብሩ ዕለት ሴቶቹ መጨረሻ ላይ ምን ቀመሱ ብለው ሲጠይቋት፣ እኔ የጠበስኩትን ባጂያ፣ ስድስቱንም አለቻቸው። ወሬው ድንኳኑን ዞረው። አልቃሿ ሳትቀር ከምራቷ እጅ በልታ፣ መርቃ ሄደች እያለች በሙሾዋ አስገባችው። ጣቢታ ያን እየሰማች ደረቷን መታች፤ እውነቱን ለመናገር በልቅሶዋ ውስጥ ትንሽ ኩራትም ነበረበት።

ይሄ ምኑ ያኮራል የሚል ሰው የዚያን ቤት ታሪክ አያውቅም ማለት ነው። ጣቢታ ከሺንሺቾ የመጣች የወንጌላዊ ልጅ ናት። እማማ ትርፊት ደግሞ ሆሳዕና ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው፣ ጾምና ንግሥ የማያልፋቸው የጉራጌ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው አበራ እሷን ካላገባሁ ብሎ ድርቅ ሲል እሺ አሉት። እሺ ቢሉም ታዲያ አንድ ዓመት ሙሉ ከጣቢታ ድስት አልቀመሱም። ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ምሳ ሲደርስ ግን የራሳቸውን ይዘው ሱቁ ውስጥ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር፣ ብቻቸውን ይበላሉ። እሷን ከስድብ ይልቅ ያ ይብስባት ነበር። ጎረቤቶቹም ነገሩን ልቅም አድርገው ያውቁታል።

ያን ነገር የሰበረው ባጂያ ነው። እማማ ትርፊት ሙያውን የቀሰሙት በጉርብትና ከነበረች ከአንድ ዓረብ ነጋዴ ሚስት ሲሆን፣ የሚጠብሱት ወንድማቸው በድሩ ከጃጁራ ሲመጡ ነበር። እሳቸው ለአበራ አባት ለወልደየሱስ ሲዳሩ ክርስትና ተነሥተዋል፤ በድሩ በእስልምናቸው ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ሥጋ በአንድ ገበታ በልተው አያውቁም። ያንዱ እርድ ላንዱ አይሆንም፣ ቅቤውን ደግሞ ጾም ይከለክለዋል። በዘይት የተጠበሰ ድንችና ጎመን ግን ለሁሉም ይሆናል።

ከሠርጉ በዓመቱ አንድ ዓርብ፣ እማማ ትርፊት ከማድቤት ሆነው ነይ እስቲ ድንች ፈቅፍቂልኝ ብለው ጠሯት። ድንቹንና ካሮቱን ፈቀፈቀች፤ ጥቅል ጎመኑንና ሽንኩርቱን እሳቸው እንደ ክር አቀጠኑት። ጨው ነስንሰው ትንሽ ተዉትና በጨርቅ ቋጥረው ውሃው ጠብ እስኪል ጨመቁት። የሽምብራ ዱቄቱን ነሰነሱበት፤ ውሃ ከእንስራው ቀዝቃዛውን፣ ያውም በማንኪያ ብቻ። ዘይቱ መጋሉን በቁራጭ ሽንኩርት ፈተኑና እየጠፈጠፉ ጨመሩት። ድስቱን አታጨናንቂው አሏት፤ ከተጨናነቀ ዘይቱ ይበርድና ሊጡ ይጠጣዋል።

ጣቢታ የወጣውን ባጂያ እንዳይቀዘቅዝ ብላ በኮባ ጥቅልል አደረገችው። ትኩስ ነገር በእንሰት ቅጠል ሲጠቀለል አይታ ነው ያደገችው። እማማ ትርፊት ሲፈቱት ልፍስፍስ ብሎ አገኙት። ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ ሳቁባት።

«ቆጮ መስሎሽ ነው አይደል? እኔም ስጀምር እንዲሁ ጠቅልዬ ያቺን ዓረብ አስቂያታለሁ። ትኩሱን ከሸፈንሽው ያልበዋል፣ ልጄ። እንዲተነፍስ ተይው፤ ያኔ ይንኮሻኮሻል።»

ልጄ ያሏት ያን ቀን ነው። ልፍስፍሱንም ባጂያ ተቀምጠው አብረው በሉት።

ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ አብረው ጠበሱ። የሚገርመው፣ ብቻዋን ስትሆን ግን የጣቢታ ባጂያ ተንኮሻኩሾ አያውቅም። ባለፈው ዓርብም አማቷ ታመው ሁለት ቀን እህል ካልቀመሱ በኋላ አፋቸውን ከፍተው ባጂያ አማረኝ ሲሏት፣ ሁሉንም እንደተማረችው አደረገች። ጨመቀች፣ አቀጠነች፣ ድስቱን አላጨናነቀችም። ማድቤቱ ከዋናው ቤት ራቅ ይላል፤ የጥር ብርድ ነው፤ እጇ ሳታዝዘው ኮባ ቆረጠና ጠቀለለው። አልጋው ዘንድ ደርሳ ስትፈታው ለስልሷል። እማማ ትርፊት ቅጠሉን አይተው ፈገግ አሉ፤ ሂጂ ልጅሽን አጥቢ ብለው ሸኟት።

አሁን ሙዳዩን ታቅፋ ስታስበው ነገሩ ሁሉ ግልጽ መሰላት። አልጣማቸውም፤ እንዳይከፋት ብለው ሸሸጉት። የበሉት የዚያን የመጀመሪያ ዓመቱን ያህል ነው፤ ምንም። ሙዳዩን መልሳ ከመጋረጃው ኋላ አስቀመጠችውና ወደ ድንኳኑ ወጣች።

እዚያም አላረፈችም። ጎረቤቷ እትዬ አሰገደች ንፍሮ እየቆረጠሙ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ወሬ ሳያጣሩ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እውነት ስድስቱንም በሉት? በዚያ ሕመም? ብለው ጠየቋት። ጣቢታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

ከሰዓት በኋላ ከደጅ አዲስ ልቅሶ ተሰማ። በድሩ ናቸው። ለንግድ አንጋጫ ሰንብተው ትናንት ማታ ጃጁራ ሲገቡ የደረሳቸው የእህታቸው መታመም እንጂ መሞት አልነበረም፤ ድንኳኑን ሲያዩ ከበቅሏቸው ወረዱ ከማለት ወደቁ ማለት ይቀላል። አበራ ደግፎ አስገባቸው። ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ሲሰክኑ የእህታቸውን አልጋ አሳዩኝ አሉ፤ ጣቢታ ተነሥታ ወሰደቻቸው።

ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጡና «የኔስ?» አሏት።

ጣቢታ አልገባትም።

«ዓርብ ዕለት ወደ ጃጁራ የሚመላለሰው ሹፌር ቸኮል ሊጠይቃት ገብቶ ነበር። መልእክት ሰጥታዋለች። ‹ምራቴ ባጂያ ጠብሳለች፣ ድርሻህን አስቀምጬልሃለሁ፣ ሰው ሳይነካብህ ድረስ› ብላኛለች።»

ጣቢታ ሙዳዩን አውጥታ ፊታቸው አስቀመጠችው፤ ከዚያም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አልጣማቸውም፣ ልፍስፍስ ነበር፣ እኔ ግን በልተውታል ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ አለቻቸው።

በድሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እህቴን አታውቂያትም ማለት ነው። ልጆች ሆነን የቀመሰችው ካልጣማት ለብቻዋ ትጨርሰዋለች፤ ለእኔ መጥፎ ነገር ሰጥታኝ አታውቅም። ከጣማት ግን አንድ ጊዜ ትገምጥና ‹ይሄ የበድሩ ነው› ብላ ታስቀምጠዋለች። እኔ የበላሁት ሁሉ እሷ የወደደችውን ነው።»

አንዱን አንሥተው ነከሱት። ቀው አለ። ጣቢታ ቀና አለች። በድሩ አኘኩ፤ እየተንኮሻኮሸ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ።

ያኔ ነው የገባት። እማማ ትርፊት በዚያ አቅማቸው ከኮባው አውጥተውታል፤ ክዳኑን አውልቀው፣ እሳቱ አጠገብ አድርገው፣ እንዲተነፍስ ትተውታል። የጎደለውን ሞልተውላት ነው የሄዱት።

የተገመጠውን አነሳች፤ በተገመጠበት በኩል ነከሰችው። ተንኮሻኮሸ። ሦስት ቀን ለሰው ሰው ስታለቅስ ነበር፤ አሁን ለእናቷ አለቀሰች።

የበረንዳው በር ላይ የእትዬ አሰገደች ጥላ ታየ። ጣቢታ በልማድ ክዳኑን አንሥታ ሙዳዩ ላይ ልትገጥመው ስትል እጇ ቆመ። ክዳኑን መልሳ፣ እንደነበረው፣ ከጎኑ አጋደመችው።